የሹፌሩ ክብደት

መሐል ሜዳ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ ይሥሐቅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ከብርዱ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። እማዬ እግሯ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ሆና ቤቱን ሁሉ ታዛለች፤ ደህና ናት ማለት ነው። ደብዳቤህን ፍሬው ሚኒባሱን ሳያጠፋ በመስኮት አቀበለኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የመሐል ሜዳ ፖስታ ቤት እሱ ሆኗል። የሰው ምስጢር ሁሉ ኪሱ ውስጥ ስለገባ ሰላምታ አሰጣጡም ተቀይሯል።

ለአባዬ ሙት ዓመት አንድ ሳምንት ብዬ መጥቼ እዚሁ መቅረቴን አትታዘበኝ። እማዬ ትወድቃለች ብሎ ማን አሰበ? መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። እስከ ፋሲካ በእግሯ ከቆመችልኝ ግን ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት አዲስ አበባ ነኝ።

መኪናዋን ልንካት ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሴ፣ ንካት እንጂ ነው። ውድድሩ ሚያዝያ 26 ነው፤ መኪናዋ ቆማ ብትጠብቀኝ ምን ይበጀኛል? አስፋልቱ ሜዳ ላይ ኮኖቹ ተደርድረው መኪኖቹ አንድ በአንድ ሲለቀቁ፣ የእኛ ትንሽ ፊያት አንድም ኮን ሳትነካ ቶሎ እንድትወጣ ከፈለግን ሥራው ሁሉ ከታች፣ ከሞላውና ከሾኩ ላይ ነው። ሞተሯ እንደሆነ ከኋላ ተቀምጦ ከማንኮራፋት አያልፍም።

አንድ ነገር አደራ። ከፍታዋን ስትለካ ባዶዋን ብቻ ለክተህ እንዳትተው። አባዬ እንዳስተማረን የሹፌሩን ክብደት ወንበሩ ላይ ጭነህ ለካ። በታኅሣሥ አብረን ስንሠራ ሃምሳ አራት ኪሎ ገብስ በማዳበሪያ አስረን ወንበሬ ላይ አስቀምጠን፣ ግራና ቀኟ እኩል እስኪሆን አስተካክለናታል። በጾሙ ሁለት ኪሎ እቀንስ ይሆናል፤ በፋሲካ መልሼ ስለማመጣው አትድከም። ቁጥሩንም እንዳየኸው ጻፍልኝ። ወረቀት ላይ የሐሰት ቁጥር የጻፈ መካኒክ ሰው ገድሏል ይል ነበር አባዬ።

አባዬ በንስሐ አባቱ በአባ ወልደ አማኑኤል ፊት የተናዘዘውን ሰሞኑን ደጋግሜ አስባለሁ። መኪናዋ የጽዮን ናት፣ በውድድር ቀን መሪዋን ሌላ ሰው እንዳይዝባት፣ ይሥሐቅ ይጠብቅላት ሲል መስቀሉን ስመህ የተቀበልከው አንተ ነህ። ከኔ ሳይለይ ያሳደገህ ሰው የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነበር። እኔም ከዚህ ዓመት የምፈልገው ያችን አንድ ቀን ብቻ ነው።

እህትህ ጽዮን

አዲስ አበባ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ለጽዮን፣

እንደምን ነሽ? እማማ ጌታነሽስ እንደምን ዋሉ፣ እንደምን አደሩ? እግራቸውስ እንዴት ሆነ? አባ ወልደ አማኑኤልስ ደህና ናቸው? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ? እኔ ለቤቱና ለአንቺ ካለኝ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩት፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ወሬ ልንገርሽ። መኪናዋ ከሰፈሬ ወጥታ አስቻለው የሚባል ጎማ ነጋዴ ጋራዥ ገብታለች። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ውኃ ቢፈስበት ወዴትም የማይሄድ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለመለካት እዚያን የሚያህል ቦታ የለም። አራት አዲስ ጎማም ሰጥቶናል። ምን ፈልጎ ነው ትይኝ ይሆናል። የመኪና ፍቅር ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም።

እሑድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ስድስት ኮን ደርድረን ሞከርናት። ኩርባ ስትገባ ጥሩ ናት። ስትወጣ ግን ጭራዋ ይሸሻል፤ መሪው እስኪመለስ ድረስ ግማሽ ዙር ትዞራለች። የኋላ ጎማ ነፋስ ሃያ ስድስት፣ የፊቱ ሃያ ሁለት ነው። ሾኮቹ ደህና ናቸው፣ ያረጁትን የመጋጠሚያ ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹንም ቀይሬያለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ። አባባ ቢኖሩ ድምፅዋን ሰምተው ይነግሩኝ ነበር፤ የሳቸውን ጆሮ የወሰድሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ስለ መሪው አትስጊ። የአንቺ ነው፣ ከአንቺ በቀር ማንም አይነካውም። ይኼን እንድታውቂው ብዬ ነው።

ወንድምሽ ይሥሐቅ

መሐል ሜዳ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታህ ከመርዘሙ የተነሣ ለእማዬ ሳነብላት መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከብቱም ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል። ስለ መሪው ግን ስጋት ገብቶኝ የጻፍኩልህ አይመስለኝም። ላልጠየቅኩህ መለስክልኝ፤ ይሁን፣ ደስ ብሎኛል።

ወደ ጭራዋ እንምጣ። ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ጭራው ከባድ ነው። ሹፌሩ ኩርባ ውስጥ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሮጥና የኋላው ጎማ መሬቱን ይለቃል። ማን ነበር የነዳት? አንተ ከሆንክ እግርህን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አታደርግም። ለማንኛውም የኋላውን ነፋስ ሠላሳ፣ የፊቱን ሃያ አድርገው። ሌላ ምንም አትንካ። ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየርክ የትኛው እንዳሻላት ሳታውቅ ትቀራለህ።

ከዚያ ግራና ቀኟን ለካልኝ፤ አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ ከነሹፌሯ። የግራው ሞላ ደክሞ እንደሆነ ከሁለቱ ቁጥር አየዋለሁ።

እኔ እዚህ ከአባዬ ጋራዥ ጓሮ ድንጋይ ደርድሬ በእግሬ እነዳለሁ። ኩርባው ጋ ስደርስ ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ፍሬን እይዛለሁ፣ አንዳንዴም ኮን ነክቼ ራሴን እቀጣለሁ። ጎረቤት አጥር ላይ ሆኖ አይቶኝ ለእማዬ ልጅሽን ጸበል ውሰጃት ብሏታል። እማዬም ትናንት በውድድሩ ማንን ነው የምታባርሪው አለችኝ። ማንንም አላባርርም፣ ሁሉም ብቻ ብቻውን ነው የሚነዳው፣ የምሽቀዳደመው ከሰዓቱ ጋር ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እግሯን አሟት መሰለኝ።

ጽዮን

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለጽዮን፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ለእማማ ጌታነሽ ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ።

እንዳልሽው ነፋሱን ብቻ ቀየርኩ። ጭራዋ ተሽሏታል፣ ግን አልዳነችም። ልኩ ይኸውልሽ። ከመሬት ከጎማው በላይ እስካለው ፓራፋንጎ ጠርዝ ለክቼ፣ ባዶዋን ግራው ከቀኙ ስምንት ሚሊ ከፍ ይላል። ከነሹፌሯ ግራው ከቀኙ ስድስት ሚሊ ዝቅ ይላል። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ አባባ እንዳስተማሩን ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ወንበሩ ሐዲዱ ላይ አራት ቀዳዳ ወደ ኋላ ቢገፋ ለጭራዋ ምን ያህል ክብደት ይጨምርባታል? ለማወቅ ያህል ነው።

ሌላም የጠየቅሽኝ ነገር ነበር መሰለኝ። ደብዳቤሽ አሁን እጄ ላይ ስለሌለ ዘነጋሁት፣ ይቅርታ። ለመምጣት አትቸኩይ። መንገዱ አስጊ ነው ይላሉ፤ እማማንም ጥሎ መምጣት ደግ አይደለም።

ወንድምሽ ይሥሐቅ

መሐል ሜዳ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን ዛሬ ዝለለው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩትና እርሳስ አነሣሁ። ባዶዋን ግራዋ ስምንት ሚሊ ከፍ ማለቱ ልክ ነው። እኔ ስቀመጥባት እኩል እንድትሆን በታኅሣሥ እኛው ነን ያደረግነው። ሃምሳ አራት ኪሎ ስምንት ሚሊ ያወርዳታል ማለት ነው። የአንተ ሹፌር ግን ስምንቱን ውጦ ስድስት ጨመረበት። አሥራ አራት ሚሊ የሚያወርዳት ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት ኪሎ ሰው ነው። አንተ ካፖርትህን ደርበህ እንኳ ስድሳ አትሞላም።

ወንበሩስ? እኔ ፔዳሉ ጋ ለመድረስ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ስቤ ጀርባዬ ላይ ትራስ የምሸጉጥ ሰው ነኝ። አንተም ብትበልጠኝ በአውራ ጣት ነው። አራት ቀዳዳ ወደ ኋላ የሚያስገፋ እግር ከሁለታችንም የለም።

ሞላው አልደከመም። ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?

ለሙከራ ነው ካልከኝ አምንሃለሁ። የምሬን ነው። ለሙከራ ነው በለኝ፣ ሰው ለሙከራ ብሎ ወንበር አይፈታም የሚለውን ሐሳብ እንደምንም ብዬ እውጠዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። ከነሹፌሯ እኩል ናት ብለህ ብትጽፍልኝ ምንም አላውቅብህም ነበር። ግን እንደዚያ ብትጽፍ የምልክልህ መላ ለሰውየው አይሆነውም። ስለዚህ በቃል ዋሽተኸኝ በቁጥር እውነቱን ነገርከኝ። አትደምርም ብለህ ነው?

ጽዮን

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጽዮን፣

ለሙከራ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያንን ደብዳቤ ለፍሬው ሳልሰጠው ቀደድኩት።

የሚነዳት አስቻለው ነው። የውድድሩ ዝርዝር ላይ የተመዘገበው የሱ ስም ነው፣ የተመዘገበውም በጥር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነገሩ አልቆ ነበር። ስለ ኑዛዜው የጻፍሽውን ሳነብ ጋራዡ ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ነገ እያልኩ እስከ ዛሬ ቆየሁ።

ሰውየው ጋራዡን በእኔ ኃላፊነት ሊያደርግልኝ፣ በሩ ላይም ስሜን ሊያጽፍልኝ ቃል ገብቶልኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የኖርኩት የሰው መኪና ሥር ተኝቼ ነው። በመሐል ሜዳ የአባይነህ ልጅ ማለት አንቺ ነሽ፣ እኔ የአባይነህ ይሥሐቅ ነኝ፤ ልዩነቱን አንቺ አታውቂውም። መንገዱ ተዘግቶባታል፣ አትደርስም፣ መኪናዋም ቆማ ትቀራለች እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሥራውንም የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ነው ሰውየው የሚያውቀው።

ሌላም አለ። እማማ ጌታነሽ ያውቃሉ። በጥር በፍሬው አፍ አስጠይቄያቸው፣ ይሁን፣ ለሷ ግን እንዳይነገራት ብለው መልሰውልኛል። ጥፋቱን ለሳቸው ላካፍል ብዬ አይደለም። ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

አሁን የምጽፈውን እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ወንበሩ ወደ ኋላ ከተገፋ ወዲህ ጭራዋ ብሶባታል። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ይሥሐቅ

መሐል ሜዳ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሥሐቅ፣

እስከ ፋሲካ ዝም ያልኩት ጾሜን በእርግማን እንዳልፈታ ብዬ ነው። ይኼን የሚያደርስልህ ከዘመሮ በግ ጭኖ የሚመጣው ይታየው ነው። ፍሬው ከእንግዲህ የኔን ነገር አይዝም። ሦስት ወር ሙሉ በመስኮት ደብዳቤ ሲያቀብለኝ ዓይኔን የማያየው ለምን እንደነበረ አሁን ገባኝ።

እማዬን ጠየቅኳት። አልካደችም። «አንቺን ቀብሬ ከምቀር መኪናዋ ትቅርብሽ አልኩ። ዛሬም ቢጠይቀኝ ያንኑ ነው የምለው» አለችኝ። እግሯን አጠብኳት፣ ምሳዋን አቀረብኩላት፣ ከዚያ ጋራዡ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የሷ ፍርሃት ነው፤ አንድ ቀን ይቅር እላት ይሆናል። አንተ ግን ፈርተህ አልነበረም።

ከሁሉም የቆጠቆጠኝ መውሰድህ እንዳይመስልህ። በጥር ወስደህ በየካቲት ሞላውን እንዴት ላድርገው ብለህ መጠየቅህ ነው። እኔ ጓሮ ለጓሮ ድንጋይ እየዞርኩ፣ ለካ ወንበሬን ለወሰደው ሰው መንገድ ስጠርግ ኖሯል። እኔ አንተን ወንድም ጋሼ ስል አድጌያለሁ። ያ ቃል አሁን አፌ ውስጥ ያስጠላኛል።

አባ ወልደ አማኑኤል ዘንድ ሄጄ ልከስህም ተነሥቼ ነበር። ከበራቸው ተመለስኩ። የአባዬን ኑዛዜ ክስ አድርጌ ማቅረብ አልሆነልኝም።

መልስህ ይኸውልህ። የኋላውን ስታቢላይዘር፣ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘውን ብረት ማለቴ ነው፣ ፍታና አውጣው። ጨርሶ። የኋላ ነፋስ ሠላሳ ሁለት፣ የፊቱ አሥራ ስምንት ይሁን። ቁጥሩ እውነት ነው። ብረቱ ሲወጣ ኩርባ ላይ ከበፊቱ ይበልጥ ትጋደማለች፤ ሹፌሩ የምትገለበጥ ይመስለዋል፣ አትገለበጥም። ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መሬቱን እንዲይዙ ነው። ብረቱ ካለ ግን፣ ወንበሩ ኋላ ተገፍቶ፣ ያን የሚያህል ሰው ተቀምጦባት፣ ጭራዋ የሚያዝ አይደለም።

ልዋሽህ እችል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የሐሰት ቁጥር በጭንቅላቴ ስደረድር ዋልኩ። አንዱንም አልጻፍኩትም። መኪናዋ የአባዬ ናት፤ ሰውየውም ወንበሩ የማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ቁጥሩ እውነት ነው።

ጽዮን

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽዮን፣

እንደምን ነሽ ለማለት አልደፈርኩም።

ብረቱን አላወጣሁትም።

ደብዳቤሽን ይዤ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አድርጌ አንዴ አዙሬዋለሁ። ከዚያ እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምን እጽፍ ነበር ብዬ አሰብኩ። መልሱን አወቅሁት። እንዲህ የተበደለ ሰው እውነቱን አይልክም፣ ብረቱን አውጣ ያለችኝ እንድትገለበጥ ብላ ነው አልኩ። ቡሎኑን መልሼ አጠበቅሁት። ያልሽውን ሁሉ ገልብጬ ወፍራም ብረት አስገባሁ፣ የኋላውን ነፋስ ቀነስኩ፣ የፊቱን ጨመርኩ።

በውድድሩ ቀን፣ በሁለተኛው ዙር፣ አምስተኛው ኮን ጋ፣ ጭራዋ ወጣ። አስቻለው ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ አነሣ። ሁለት ጊዜ ዞረችና በጎኗ ከኮንክሪቱ ጋር ተጋጨች። የሰውየው ትከሻ ተሰብሯል፤ ይድናል ብለዋል። የኋላ ግራ ጎማዋ ከነተሸከመው ብረት ተነቅሏል። ሰዉ ሁሉ ወደሱ ሲሮጥ እኔ ኮኖቹ መሐል ቆሜ ደብዳቤሽን ከኪሴ አወጣሁ። ቁጥሩ እውነት ነው ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። ሁለቱንም ጊዜ አንብቤው ነበር።

በሩ ላይ የሚጻፍ ስም ከእንግዲህ የለም። ያዘንኩት ግን ለሱ አይደለም። መኪናዋን እኔው ሠርቼ እንደነበረች አድርጌ እመልስልሻለሁ። ይቅርታም እጠይቅሻለሁ፤ ዛሬ ካልሆነልሽ ጊዜ ስጪኝ።

ይሥሐቅ

መሐል ሜዳ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ይሥሐቅ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እማዬ በምርኩዝ መሄድ ጀምራለች፤ የሚጠይቁ ከሆነ ማለቴ ነው። ለአቶ አስቻለው ለብቻቸው ጽፌላቸዋለሁ። እግዚአብሔር ምሕረት እንዲያወርድላቸው ተመኝቼ፣ ወንበሩ የማን እንደነበረ ነግሬያቸዋለሁ።

መኪናዋን እንዳይነኳት። አንዲት ቡሎን እንኳ እንዳይፈቱ። ሰኞ ግንቦት 18 በይታየው አይሱዙ መጥቼ እንዳለች ጭኜ እወስዳታለሁ።

ጊዜ ስጪኝ ብለዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰጥቼዎ ነበር።

የጋራዡ በር ተከፍቶ ይጠብቀኝ። እርስዎ እዚያ እንዳይገኙ።

ጽዮን አባይነህ